ከዚህ ወገን የማይከፈት በር

፩

በላቨርተን ኖርዝ በሌሊት ፈረቃ የምንሠራ ተማሪዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የግማሽ ሰዓት ዕረፍት አለን። ላቨርተን ኖርዝ ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ፣ ሰው ከሚያድርበት ይልቅ ዕቃ የሚያድርበት ሰፈር ነው፤ በፊትዝጄራልድ ሮድ ግራና ቀኝ መጋዘን ከመጋዘን ተያይዞ ቆሟል። በዚህች ዕረፍት ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ወንድማችን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያውን ያወጣል፤ እኛም ሻያችንን እንደያዝን ከትከሻው በላይ ሆነን እናያለን።

አንድ ሌሊት ዳርክ ሶልስ በተባለው ጨዋታ ውስጥ የሚመራው ጦረኛ ከአንድ በር ፊት ደረሰ። ቢገፋው እንቢ አለው፤ በሩ ከዚህ ወገን እንደማይከፈት የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያም ወጣ። ወንድማችን አልተናደደም። «ዞሬ መጥቼ ከወዲያ በኩል እከፍተዋለሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ። ያች ማስታወቂያ ግን ከእኛ ጋር ቀረች። ምክንያቱም ከዚያ ሌሊት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዚያው መጋዘን በር ላይ ያደረግነው፣ ወይም ሳናደርግ የቀረነው፣ አንድ ነገር ነበር። እርሱን ከታች እንናገራለን።

ምናልባት አንባቢ፣ «ስደተኛ ተማሪ ስንት ጉዳይ እያለበት ስለ ጨዋታ በር ማተት ምን ይሉታል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል የተዘጋ በር ፊት ያልቆመ አንድም ሰው አይገኝም። የኤምባሲ በር፣ የኢሚግሬሽን በር፣ የዩኒቨርሲቲ በር፣ የቀጣሪ በር ሁላችንንም አቁሞናል። ስለዚህ የተዘጋ በር ፊት የቆመ ሰው ምን ይገባዋል? በሩን አልፎ የገባ ሰውስ ከኋላው ለቀረው ምን ዕዳ አለበት? የሚሉት ጥያቄዎች የእኛው የራሳችን ናቸው። የጨዋታ በር ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ከማናቸውም በር አጥርቶ ያሳያል ብለን እናምናለን።

፪

በመሠረቱ ሰው በር የሚሠራው ከብርድ፣ ከሌባና ከአውሬ ለመጠበቅ ነው። በጨዋታ ዓለም ውስጥ ግን ብርድም ሌባም የለም፤ ግድግዳውም ቢሆን ሥዕል ነው። ስለዚህ በዚያ ዓለም አንድም በር በአጋጣሚ አይቆምም። በምን እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚከፈት፣ ተመልሶ ይዘጋ እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። በሩ ከእንጨቱና ከብረቱ ተላቆ ሕግ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አታሪ በ1980 ባወጣው አድቬንቸር በተባለው ጨዋታ ወርቃማ፣ ነጭና ጥቁር ሦስት ግንቦች አሉ፤ የየግንቡ መዝጊያ የሚነሣው በራሱ ቀለም ቁልፍ ብቻ ነው። ኒንቴንዶ በ1986 ባወጣው በዜልዳ ደግሞ ቁልፉ አንድ በር ከከፈተ በኋላ ያልቃል፤ አንዳንዱ በር ግን ቁልፍ ሳይጠይቅ በክፍሉ ያሉት ጠላቶች ሁሉ እስኪወድቁ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። በ1993 የወጣው ዱም ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ካርዶች አሉት። የበሩ መቃን በቀለሙ ተለይቷል፤ ካርዱን ሳይዝ ለነካውም የትኛው ቀለም እንደጎደለው ይነገረዋል። ካፕኮም በ1996 ያወጣው ሬዚደንት ኢቭል በሩ በጨለማ መካከል ቀስ እያለ ሲከፈት ያሳያል። ይህ የተደረገው መሣሪያው የሚቀጥለውን ክፍል ከዲስኩ እስኪያነብ ድረስ ያለውን ጊዜ ለመሸፈን ነበር፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ የሚቆምባት ያች ቅጽበት ከአውሬው ይልቅ አስፈሪ ሆነች። የቪዛ መልስ የጠበቀ ሰው ያችን ቅጽበት ያውቃታል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የጨዋታ በር ሦስት ጠባዮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በሩ ይናገራል፤ ምን እንደሚፈልግ በቀለም፣ በምልክት ወይም በቃል ይገልጻል። ሁለተኛ፣ ፊት አያይም፤ ሰማያዊ ካርድ የያዘ ሁሉ ይገባል፤ ያልያዘ ሁሉ አይገባም። ሦስተኛ፣ ቁልፉ በእርግጥ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ በሩን የሠራው ሰው ቁልፉንም ሠርቷልና።

ይህም የሠሪው ጉዳይ በራሱ ይጠቀሳል። አታሪ በዚያን ዘመን የጨዋታዎቹን ሠሪዎች ስም አይገልጽም ነበር። የአድቬንቸር ሠሪ ዋረን ሮቢኔት ግን ከአንድ ግድግዳ በስተጀርባ ምስጢራዊ ክፍል አበጅቶ ጨዋታውን የሠራው እርሱ መሆኑን በዚያ ጻፈ። ወደዚያ የሚያደርሰው ከዓይን የምትሰወር አንዲት ነጥብ ናት። ለእኛ የታሪኩ ቁም ነገር፣ ሕግ ከሰማይ የወረደ መስሎ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ከግድግዳው በስተጀርባ የሰው እጅና የሰው ስም መኖሩ ነው። ሰው የወሰነውን ደግሞ ሰው ሊጠይቀው ይችላል።

፫

አሁን እነዚህን ሦስት ጠባዮች ከምናውቃቸው በሮች ጋር እናነጻጽር።

በጎንደር የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን 12 በሮች አሉት። ወምበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች ነበር። በእነዚያ በሮች ላይ ቁልፉ ሰውዬው ራሱ ነው፤ ማን ነህ የሚለው ጥያቄ ምን ይዘሃል ከሚለው ይቀድማል። የማዕረግ ስሞቻችንም ሳይቀሩ ከበር የተቀዱ ናቸው። ደጃዝማች የሚለው ቃል ከደጅ ይነሣል፤ እልፍኝ አስከልካይ ደግሞ ሥራው በስሙ ላይ ተጽፏል። ባለጉዳዩም በበኩሉ ደጅ ይጠናል። ደጅ ጥናት ማለት እንግዲህ ምን እንደጎደለህ ሳይነገርህ መቆም ነው፤ በሩ አይናገርም፣ ፊት ያያል፣ ቁልፉም በጌታው ፈቃድ ውስጥ ነው። በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ማዕረጎቹን አወረዳቸው፤ «ነገ ይመለሱ» የሚለው ቃል ግን ከየመሥሪያ ቤቱ መስኮት አልወረደም።

ይህን ስንል የእኛ አገር ብቻ ኋላ ቀር ነበር ለማለት አይደለም። አሁን ያለንባት አውስትራሊያ በ1901 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ የጽሕፈት ፈተና አቋቁማ ነበር። መርማሪው 50 ቃላት ያሉት ጽሑፍ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ ያነባል፤ መጪው ሰምቶ መጻፍ አለበት። ሊያስገቡት ያልፈለጉትን ሰው በማያውቀው ቋንቋ ይፈትኑታል፤ የፈተናውም ዋነኛ ዓላማ ነጭ ያልሆነውን ሰው ዘሩን ሳይጠሩ መመለስ ነበር። በ1934 ፋሺዝምንና ጦርነትን ለሚቃወም ጉባኤ ተጋብዞ የመጣው ደራሲ ኤጎን ኪሽ ከመርከብ እንዳይወርድ ቢከለከል፣ እዚሁ ሜልበርን ወደብ ላይ ከመርከቡ ዘሎ እግሩን ሰበረ። ብዙ ቋንቋ ያውቅ ስለነበር ሲድኒ ላይ በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ጌሊክ ሕጉ ከሚለው የአውሮፓ ቋንቋ የሚቆጠር አይደለም ብሎ ፈረደለት። ፈተናው ጨርሶ የተሻረው በ1958 ነው።

ይህ በር የሚናገር ይመስላል እንጂ አይናገርም፤ ቁልፍ ይዘህ ስትመጣ ቁልፍ ማስገቢያውን ይለውጣል። ከዚህ በር አጠገብ በ1980 የተሠራው ተራ የአታሪ መዝጊያ የፍትሕ ምሳሌ ሆኖ ይታያል። ጥቁር ቁልፍ ላመጣ ሁሉ ጥቁሩ ግንብ ይከፈትለታልና። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ ግልጽ ነው፤ የተዘጋ በር ፊት የቆመ ሰው ቢያንስ በሩ እንዲናገርና ፊት እንዳያይ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ልመና አይደለም።

፬

ነገር ግን ከዚህ ላይ ብናቆም ራሳችንን እናታልላለን። ሦስተኛው ጠባይ፣ ማለትም ቁልፉ በእርግጥ አለ የሚለው ዋስትና፣ በሕይወት ውስጥ የለምና።

የአክሱም ሐውልቶችን ያየ ሰው በግርጌያቸው የተቀረጸውን በር ያስታውሳል። ከዲንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሊከፈት ያልታሰበ በር ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ የሆነው፣ በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ተመለሰና በ2008 ዳግመኛ ቆመ፤ በሩም እንደተዘጋ ሄዶ እንደተዘጋ ተመለሰ። በጨዋታዎችም እንዲህ ያለ በር ሞልቷል፤ ከግድግዳው ጋር የተሣለ፣ ለጌጥ ብቻ የቆመ። ተጫዋቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ዓይኑ ይለምድና እያየ ያልፈዋል። በሕይወት ውስጥ ግን የተሣለው በር ከእውነተኛው አይለይም፤ በተሣለ በር ፊት 10 ዓመት የቆሙ ሰዎችን በየስደተኛ ካምፑ እናውቃለን።

በጨዋታ ትምህርት ብቻ ያደገ ኅሊና ግን እነዚህን ሰዎች ሲያይ፣ «ቁልፉን አጥብቀው አልፈለጉም» ይላል። ይህን ቃል ከጨዋታ ውጭም፣ በእኛው በተማሪዎች አፍ ሰምተነዋል። በጥረታችን ገባን እንላለን። ጥረታችን ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ለማመልከቻችን ገንዘብ የተበደረችልንን እኅት፣ ስማችንን ለሌላ ሰው የጠቀሰልንን መምህር፣ ከእኛ ባላነሰ ሁኔታ ጥሮ ቦታው አንድ ብቻ በመሆኑ የቀረውን ጓደኛ እንዘላቸዋለን። በገባንበት ቀን ታሪካችን የአንድ ተጫዋች ታሪክ ይሆናል።

የጨዋታ በር ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው በር የሚያውቀው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። ሊዝ ኢንግላንድ የተባለች የጨዋታ ነዳፊ በ2014 የሙያዋን ምንነት ለማስረዳት ስለ በር የሚነሡ ጥያቄዎችን በዝርዝር ጽፋ ነበር። በሩ ይከፈታል ወይ? መቆለፉን ተጫዋቹ በምን ያውቃል? ካለፈ በኋላ ይዘጋበታል ወይ? እያለች ትጠይቅና፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ቢሆኑስ፣ በሩ የሚዘጋው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው ወይ? ወደሚለው ትደርሳለች። ለእርስዋ ይህ የአሠራር ጥያቄ ነው። ለስደተኛ ግን ከሥነ ምግባር ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

ሉካስ ፖፕ በ2013 ያወጣው ፔፐርስ ፕሊዝ ይህን ጥያቄ ገልብጦ ያመጣዋል፤ ተጫዋቹን በረኛ ያደርገዋል። በአንድ የፈጠራ አገር ድንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ይመረምራል። የሚከፈለው ባስተናገደው ሰው ቁጥር ነው፤ በዚያችው ደመወዝ የቤተሰቡን ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ይሸፍናል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ሰው ያልፍና ቀጥላ ለምትመጣው ሚስቱ እንዲራራላት ይለምነዋል። ሚስትየው ስትቀርብ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ቢያሳልፋት የስሕተት ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከደመወዝ ይቆረጣል። ምሕረት በዚህ ስፍራ ዋጋዋ በቁጥር ተተምኗል። ሰውየውን ባለቤቱን ካስቀረንበት በኋላም ጨዋታው ይቀጥላል፤ ማንም አይገሥጸንም፤ ደመወዛችንም ሙሉ ነው።

፭

አሁን ወደ ራሳችን በር እንመለስ።

ወሩ ሐምሌ ነበር፤ በዚህ አገር ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሦስት ሆነን ካርዳችንን እያስነካን ወደ መጋዘኑ ገባን፤ ከኋላችን የመስታወቱ በር ተዘጋ። ዞር ስንል በሠራተኛ አቅራቢ በኩል በቅርቡ የተቀጠሩ አንድ አዛውንት የአገራችን ሰው ደርሰው ካርዳቸውን አስነኩ፤ ቀይ መብራት በራ። ደገሙት፤ ቀይ። መብራቱ ከቀይነቱ በቀር የሚናገረው አልነበረውም፤ የዱም በር ቢሆን የጎደለውን በነገራቸው ነበር። በመስታወቱ በኩል አይተውን ካርዱን ከፍ አድርገው አሳዩን። «ልጆቼ፣ ምን ጎደለ ነው የሚለው?» ሲሉ ድምፃቸው በስሱ ተሰማን።

በበሩ ላይ ማንም ሠራተኛ በካርዱ ሌላ ሰው እንዳያስገባ የሚከለክል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ካርዳችን ቢነጠቅ የቤት ኪራይ አለ፤ የትምህርት ክፍያ አለ። ልክ እንደዚያ የጨዋታ በረኛ ሒሳቡን በልባችን ሠራነው። ከዚያም አንገታችንን ደፍተን፣ እንዳላየ ሰው፣ ወደ ሥራችን ሄድን።

አዛውንቱ በብርድ ቆይተው ተመለሱ፤ የሁለት ሌሊት ደመወዝም ቀረባቸው። የጎደላቸው ነገር አንድ የደኅንነት ትምህርት አለመመዝገቡ ብቻ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይፈጅ ጉዳይ። በሳምንቱ ፉትስክሬይ ቡና ቤት አገኘናቸው። አጠገባቸው አስቀመጡን፤ ሒሳባችንንም እንደ ታላቅነታቸው ከፈሉ። ልንከራከር አፍ አልነበረንም። በመጨረሻ እንዲህ አሉን፤ «በሩን አልከፈታችሁም ብዬ አልቀየምም፤ ደንብ ደንብ ነው። ግን ዞር ብላችሁ አንድ ቃል ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ቃል ስንመረምር ቆይተናል። ለመከላከያ የሚሆን ክርክር አላጣንም። ማስታወቂያው ያለ ምክንያት አልተለጠፈም፤ ፎርክሊፍት በሚርመሰመስበት መጋዘን እሳት ቢነሣ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ መታወቅ አለበት፤ ያልተማረ ሰው ቢገባ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በሩን አለመክፈታችን በራሱ በደል ነው አንልም። በደላችን ሌላ ነው። በሩ ዲዳ ነበር፤ እኛ ደግሞ አንደበት ነበረን። ከወዲህ ወገን ቆመን የኃላፊውን ቢሮ እናውቅ ነበር፤ እርሳቸው አያውቁም። የዲዳውን በር ዝምታ በእኛ ዝምታ አጸናነው። በዚያች ቅጽበት ተቀጣሪዎች ብቻ አልነበርንም፤ እልፍኝ አስከልካዮችም ሆነን ነበር። ያውም ማንም ሳይሾመን።

፮

እንግዲህ ያች የዳርክ ሶልስ ማስታወቂያ ለምን ከእኛ ጋር እንደቀረች ግልጽ ሆኗል። ፍሮምሶፍትዌር በ2011 ባወጣው በዚያ ጨዋታ ከውጭ የማይከፈተው በር ረጅሙን መንገድ ዞሮ ከውስጥ የደረሰው ሰው ሲከፍተው ለሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ያን ሁሉ መከራ ዳግመኛ ማየት አያሻም። በተጨማሪም ተጫዋቾች ከተወሰኑ ቃላት እየመረጡ በመሬቱ ላይ መልእክት ይተዋሉ፤ የማያውቁት ሌላ ተጫዋች በራሱ ዓለም ያነበዋል። አንዳንዱ ከግድግዳው በስተጀርባ ስውር መንገድ እንዳለ በእውነት ይጽፋል፤ አንዳንዱ ሌላው ገደል ሲገባ ለመሳቅ ይዋሻል። በስደት ጎዳና ሁለቱንም ዓይነት ጸሐፊዎች አውቀናል።

አገራችንም ይህን በር ከጨዋታው አስቀድማ ታውቀዋለች። በትግራይ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው ፊቱ የሚቆመው 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገደል ነው። ከላይ ያለው ሰው ጠፍሩን ካላወረደለት የወጪው ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ጠፍሩን አውርዶ የሚስበውም ራሱ አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ተስቦ የወጣ ነው። ሴቶች እንዳይወጡበት የተከለከለ መሆኑን አንዘነጋም፤ ያም በር የራሱ ጥያቄ አለበት። እኛ የምንይዘው ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ከታች የማይከፈት በር ሁሉ ከላይ ያለውን ሰው ይጠይቃል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ መጠነኛ ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ያየውን በር ሁሉ የመስበር ግዴታ የለበትም፤ ሊሰበር የማይገባውም አለና። ግዴታው በሩ ዲዳ በሆነበት ቦታ እርሱ መናገር ነው። የሚጠየቀውን ወረቀትና የሚፈጀውን ጊዜ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀረው ሰው ይንገር፤ በሩ የተሣለ ከሆነም የተሣለ መሆኑን ይንገር፤ ሰው በከንቱ ዕድሜውን አይጨርስ። በሩን ለሚያዙት ሰዎችም የቀረውን ሰው ስም ይጥራ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን አስቀድሞ እርሱ ራሱ በማን እጅ እንደተሳበ መርሳት የለበትም።

አዛውንቱ ዛሬ ከእኛ ጋር በዚያው ፈረቃ ይሠራሉ። እኛም አንድ ልማድ አበጅተናል። ካርዳችንን አስነክተን ከገባን በኋላ ከኋላ የመጣው ሁሉ አረንጓዴ እስኪበራለት ድረስ ከመስታወቱ ወዲህ እንቆማለን። አንዳንድ ሌሊት 5 ደቂቃ ያዘገየናል። ቀይ ከበራ ግን አንዳችን ወደ ፈረቃው ኃላፊ እንሄዳለን፤ ሌላችን ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን በሩ ሥር እንቆያለን።